ቴፒ ላይ ሰባት ቁጥሩ ከእጄ ያመለጠበት ሳምንት

በረረ! አዎ በረረ፣ ማን ካደ? ሰባት ቁጥሩ ክለብ፣ የጎልፍ መምቻዬ፣ ከእጄ ወጥቶ ዋንዛ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። አንዴ ብቻም አይደለም፣ ሁለቴ ነው የበረረው፤ ሁለተኛውን ገና አልሰማችሁም። ግን «በረረበትና አባረሩት» የምትሉት ነገር ውሸት ነው። የካዲ አግዳሚው ላይ ተደርድራችሁ፣ ጃኬታችሁን እስከ አገጭ ዘግታችሁ፣ ትኩስ ሻይ በሁለት እጅ ታቅፋችሁ ስለ ላብ ምን ታውቃላችሁ? አዲስ አበባ ላይ የሚያልበው ሰው ወይ የሮጠ ነው ወይ የዋሸ።

«ሾፌሩ ነግሮናል» ትላላችሁ። የቴፒው ቡና እርሻ ሾፌር ያየው ቅዳሜን ነው። እሁድ ሚዛን ተፈሪ ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ነበር። ግማሹን አይቶ ሙሉውን የሚያወራ ሰው አምናችሁ በእኔ ትስቃላችሁ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ልናገር፣ ደክሞኛል ግን ልናገር።

እኔ ካዲ ነኝ። ለማያውቅ ሰው፣ ካዲ ማለት ጎልፍ ለሚጫወቱ ሰዎች ቦርሳ የሚሸከም፣ ሳር ውስጥ የጠፋ ኳስ የሚፈልግ፣ ሲስቱ «ነፋሱ ነው ጋሼ» የሚል ማለት ነው። የካዲ ተራ ቁጥሬ አስራ ሰባት ነበር። ሜዳው ባዶ ሲሆን በተሰበረ ክለብ ስመታ ያየኝ ሁሉ ያውቃል፣ ከእኔ የሚበልጥ የለም። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፣ ክንዴ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል።

ቦርሳቸውን ስድስት ዓመት የተሸከምኩላቸው ጋሽ ይልማ አንድ ቀን ጠሩኝ። ቴፒ አጠገብ ያለ የቡና እርሻ የሚመራ ወዳጅ አላቸው፣ አቶ ግርማ የሚባል። ለእንግዶቹ ትንሽ የጎልፍ ሜዳ አስጠርጓል። ሜዳውን የሚጠብቅ፣ ለማያውቅ እንግዳም አያያዝ የሚያሳይ ሰው ፈልጓል። ቋሚ ሥራ ነው፣ ቤትም አለው። አቶ ግርማ ያለው «ላከውና ልየው» ነው። እኔ ለሰፈር ሁሉ የነገርኩት ግን «ተቀጠርኩ» ብዬ ነው። እናንተም አዋጥታችሁ ሸኛችሁኝ። ቁጥሬንም ለሌላ አስረከብኩ። ስለዚህ ስሄድ መመለሻ አልነበረኝም፣ ይሄን ያዙልኝ።

ረቡዕ። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት መርካቶ አውቶቡስ ተራ ነበርኩ። ጋሽ ይልማ የሰጡኝን ሦስት አሮጌ ክለቦች በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልያለሁ። ረዳቱ ላይ ይጫን አለ፣ እኔ እምቢ አልኩ፣ ጉልበቴ መሃል አስገብቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጆንያውን ዳሰሰና «የቧንቧ ሠራተኛ ነህ?» አለኝ። ጎልፍ ምን እንደሆነ ከማስረዳት ቧንቧ ሠራተኛ መሆን ይቀላል። አዎ አልኩት። ጅማ እስክንደርስ ስለ ቤቱ የውሃ መስመር ሲያማክረኝ ዋለ፣ እኔም መከርኩት።

ግቤ በረሃ ስንወርድ መጀመሪያ አላበኝ። መዳፌን አየሁት፣ ያበራል። መስኮት ክፈቱ ስል ከኋላ አንዷ «ልጄን ብርድ ይመታብኛል» ብላ ጮኸች። እንደዚህ ዓይነት ሙቀት ውስጥ ብርድ የሚፈራ ሕዝብ ነን። ዳገቱን ስንወጣ ላቡ ቆመ፣ እኔም ረሳሁት። ያኔ ነበር መጠርጠር።

ጅማ ያደርኩበት ቤት ባለቤቱ ከሰውዬው ጋር ስለ ቧንቧ እያወራን ስንሰነባበት ሰምቶ «እንኳን እግዜር አመጣህ፣ የመታጠቢያው ቧንቧ እያንጠባጠበ ነው» አለኝ። ሁለቴ በጡጫ መታሁት፣ ቆመ። እራት በነጻ በላሁ። ጧት ስወጣ መታጠቢያ ቤቱ ሐይቅ ሆኖ ነበር፣ እኔ ግን አውቶቡሱ ይቀድመኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ሐሙስ። ከጅማ ሚዛን። ይሄን መንገድ የሚያውቅ ሰው ወገቡ ያውቀዋል። ከቦንጋ በኋላ ደኑ መሃል ጎማ ፈነዳ። ቅያሪው ጎማም ነፍስ አልነበረውም። ሦስት ሰዓት ቆምን። አዲስ አበባ መኪና ሲበላሽ ሰው ሁሉ ወርዶ ሾፌሩን ይሳደባል። እዚያ ሰው ወርዶ ሳሩ ላይ ተቀመጠ፣ በቃ። አንዲት የካፋ እናት ከኮባ ቅጠል ውስጥ ቆጮ አውጥተው ቆረሱልኝ፣ ማር ጠብ አደረጉበት።

«ብላ፣ ፊትህ ጠቁሯል» አሉኝ።

«ጠቁሮ አይደለም እማማ፣ ድሮም እንዲህ ነው።»

«እንግዲያ ሁለት ጊዜ ብላ» አሉና ሌላ ጨመሩልኝ።

እኔ ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ጨው ለመበደር እንኳን ሰው ሦስቴ ነው የሚያንኳኳው። እዚህ ስሜን ሳይጠይቁ አበሉኝ። ሚዛን ስንገባ አስራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ከተማው ዳገት ነው፣ ባጃጁ እያቃሰተ ነው የወጣው። አልጋ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ወረደበት። ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ። ስለ ሚዛን የምነግራችሁ ይሄንኑ ነው። ገበያው ትልቅ ነው ይላሉ፣ አላየሁትም።

ዓርብ። በሚኒባስ ወደ ቴፒ። መንገዱ በወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል። ግራና ቀኝ ቡናው ከትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አበባ አውጥቷል፣ ነጭ ነው፣ ሽታው ደስ ይላል፣ ግን ላብ ዓይን ውስጥ ሲገባ አበባ አይታይም። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። አዲስ አበባ ፀሐይ ብትመታህ ጥላ ውስጥ ትገባለህ፣ ይበርድሃል። ቴፒ ጥላ ውስጥ ብትገባም ሙቀቱ ተከትሎህ ይገባል፣ አጠገብህ ይቀመጣል።

የእርሻው እንግዶች የሚያድሩት እትዬ አስካለ ቤት ነው። አባታቸው ድሮ ከጎጃም መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፣ እሳቸው ተወልደው ያደጉት ቴፒ ነው። እጅ ሰጠኋቸው።

«ውይ!» አሉ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። «ልጄ፣ እጅህ ዓሣ ነው እንዴ?»

«መንገዱ ነው እትዬ።»

«መንገዱ እግር ነው የሚያደክመው።»

የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ድንች መስሎኝ ነበር፣ ከድንች ይከብዳል፣ ሆድ ውስጥ እንደ እንግዳ ይቀመጣል። አጎበሩን ራሳቸው አሰሩልኝ። አዲስ አበባ እኔ ቤት አንድ ብርድ ልብስ ያንሳል፣ እዚህ አንሶላው በዛብኝ።

ቅዳሜ። ሜዳውን ለማየት በጧት እርሻው ሄድኩ። ሜዳ ልበለው እንጂ ከቡናው መሃል የተጠረገ ሳር ነው፣ መሃሉን ወንዝ ይቆርጠዋል። እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ አቶ ግርማ ፊት ሦስት ኳስ ልመታ ነው። ከወንዙ ወዲያ ካሳለፍኩ ሥራው የኔ ነው። መቶ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ይሄንን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምመታው።

ጠርዙ ላይ የቀን ሠራተኞች አረም ይመነጥራሉ። አንዱ ማርቆስ ይባላል፣ የሸኮ ሰው ነው፣ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን። ገጀራው ሲወዛወዝ ድምፅ የለውም፣ ሳሩ ብቻ ይተኛል። እኔ ደግሞ ሰው ካየሁ ዝም ማለት አልችልም።

«ኑ እዩ!» አልኳቸው። «ይሄ አዲስ አበባ ቢሆን ከፍላችሁ ነው የምታዩት።»

የመጀመሪያው ጥሩ ሄደ፣ ወንዙን ዘለለ፣ አጨበጨቡ። ሁለተኛው ላይ ክለቡ መዳፌ ውስጥ ዞረ፣ ኳሱ ቡና ውስጥ ገባ። ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ፣ ሱሪዬም እርጥብ ነው። ጓንቴን አጠለቅኩ፣ አሥር ምት ሳይሞላ ሲጨመቅ ውሃ ወጣው። አፈር አሸሁ፣ ጭቃ ሆነ። መዳፌ ላይ እንትፍ አልኩ፣ ድሮም የጎደለው ምራቅ ይመስል። ከዚያ ያለ የሌለ ኃይሌን ሰብስቤ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ አንቄ ያዝኩና መታሁ።

ኳሱ እዚያው ነው። ሰባት ቁጥሩ ግን ሄደ። እየተሽከረከረ ወጥቶ ዋንዛው ላይ ተሰቀለ። ሾፌራችሁ ያየው ይሄንን ነው።

ሠራተኞቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። አንዱ «ጨዋታው ይሄ ነው? ዱላውን ነው የሚወረውሩት?» አለ። ማርቆስ አልሳቀም። ዛፉ ላይ ወጥቶ አወረደልኝ። የክለቡን እጀታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ላስቲኩ ከማርጀቱ የተነሳ እንደ ጠርሙስ ልሟል።

«አንተ አንቀህ ትይዛለህ» አለኝ። «ያነቁት ነገር ያልባል።»

«ጋሽ ማርቆስ፣ ጎልፍ የማውቀው እኔ ነኝ።»

«እሺ» አለ፣ ተመልሶ ሳሩን ማጨድ ጀመረ። እሺ ሲሉህ እንዴት እንደሚያናድድ ታውቃላችሁ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት መታሁ። ክለቡ ባይበርም ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። መዳፌ ላይ አራት ቦታ ውሃ ቋጠረ፣ ሁለቱ ፈነዱ። ቤት ስደርስ እትዬ አስካለ አዩኝና ደረታቸውን መቱ።

«ምን አስቆፈሩህ?»

«ጎልፍ ነው እትዬ።»

«የሀብታም ጨዋታ አይደል ያልከኝ? ሀብታም እንዲህ ይሆናል?»

እጄን አጥበው ለጋ ቅቤ ቀቡኝ። በነጠላቸው ጫፍ አሰሩልኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እጄን ይዞ የተቀመጠ ሰው የለም፣ ስለዚህ እጄን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሲያድር ቁስሉ ቀዘቀዘልኝ። ጧት ሳልነሳ ደግሞ መጥተው ሌላ ቀቡኝ፣ «ለሥራህ እንዲቀናህ» ብለው መረቁኝ። ቅቤና ክለብ አብረው እንደማይሄዱ አላወቅኩም እንዳትሉኝ፣ አውቄያለሁ። ግን እሳቸውን እንዴት ብዬ «ይቅር» እላለሁ? ስወጣ በሳሙና ታጠብኩ፣ ሦስቴ። ቅቤ በሳሙና የሚለቀው ከሳህን ላይ ነው እንጂ ከተላጠ ቆዳ አይደለም።

እሁድ። አቶ ግርማ ከዛፍ ሥር ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። ወፍራም፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ነው፣ መሀረቡ ከአንገቱ አይወርድም። ሠራተኛው ከነልጁ መጥቷል። እትዬ አስካለም ጃንጥላ ይዘው መጥተዋል። ማርቆስም ከእነሱ ጋር ነው፣ በመመለሻው እንጨት ሊቆርጥ ገጀራውን ይዞ።

አቶ ግርማ ስለ ሜዳው ንግግር አደረገ። እኔ ክለቡን ይዤ ቆሜያለሁ። ንግግሩ ረዘመ። ይዤ ቆሜያለሁ። ላቤ ከክርኔ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ «በል ጀምር» አለኝ።

ጀመርኩ። በረረ። በዚህኛው በአቶ ግርማ ራስ ላይ ነው ያለፈው፣ ከወንበሩ ኋላ ቡናው ውስጥ ወደቀ። አቶ ግርማ ዝቅ ያለው ካለፈ በኋላ ነው። ሰው አልሳቀም፣ አለቃ ነዋ። ከመሳቅ ይብሳል።

«ሁለት ይቀርሃል» አለ አቶ ግርማ፣ ወንበሩን ወደ ጎን እያስጠጋ።

ሁለተኛውን አንቄ ያዝኩ። ቁስሌ እሳት ሆነ። ኳሱ ሳሩ ላይ ተንከባለለ፣ ወንዙ ዳር ደርሶ ትንሽ አሰበና ገባ።

ያኔ አግዳሚው ትዝ አለኝ። እናንተ። ሽኝቱ። ያስረከብኩት ቁጥር። የጅማው መንገድ ወደ ኋላ። ቁጢጥ አልኩ።

ማርቆስ መጣ። ማንንም አላስፈቀደም። ክለቡን ከእጄ ወሰደ። የገጀራው እጀታ በቃጫ የተጠመጠመ ነበር፣ ከእንሰት በሚወጣው ነጭ ክር። ከገጀራው ፈታው። ዓመት ሙሉ እጁ ላይ የለሰለሰ ቃጫ ነው። ከሰባት ቁጥሩ ላይ ጠበቅ አድርጎ ጠመጠመው፣ ጫፉን በጥርሱ ሳበና ቋጠረው። ከኪሱ ለራሱ እጅ የሚይዘውን በቅጠል የተቋጠረ አመድ አውጥቶ መዳፌ ላይ ነሰነሰ፣ አሸልኝ፣ ትርፉን እፍ አለው።

«ገና ነው፣ አትያዝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «መሬት ላይ አስደግፈው። እጅህን ንፋስ ይምታው። ልትመታ ስትል ያዝ።»

«ከዚያስ?»

«በጣት ያዝ። መዳፍ አይሠራም፣ መዳፍ ሰነፍ ነው። እኔ ጧት ጀምሬ ማታ የምጨርሰው አንቄ ይዤ ይመስልሃል?»

ክለቡን ሳሩ ላይ አስደገፍኩ። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፣ ልክ እንደሚለምን ሰው። አቶ ግርማ «ምን እየጠበቀ ነው?» ሲል ሰማሁ። ከዚያ በጣቴ ያዝኩት። ቃጫው ቁስሌን ይቆረቁራል፣ ግን ላቡን ይጠጣዋል። መታሁ። ክለቡ አልተንቀሳቀሰም። ኳሱ መጀመሪያ የሄደበት አልታየኝም፣ ልጆቹ ሲጮሁ ነው ያወቅኩት። ወንዙን አልፎ፣ ሳሩን አልፎ፣ ቡናው ጫፍ ላይ ወደቀ። እትዬ አስካለ ጃንጥላቸውን ጥለው እልል አሉ።

አቶ ግርማ ተነስቶ መጣ። ክለቡን ተቀበለኝ። የሱም መዳፍ ያልባል፣ ከመሀረቡ ያስታውቃል። ኳስ አስቀምጦ መታ፣ ሩቅ አልሄደለትም፣ ግን ክለቡ አልዞረበትም። ደግሞ መታ። ሳቀ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዶቼ በዚህ ላብ የተነሳ ክለብ ወንዝ ውስጥ ሲጥሉ ነው የኖሩት» አለ። «ውድ ጓንት ይዘው መጥተው አልሆነላቸውም። ይሄን ማን አሰበው? አንተ ነህ?»

እሱ ከማርቆስ ጋር ስንነጋገር አይቷል፣ ግን ማርቆስ እኔ ያዘዝኩትን ሲሠራ ነው የመሰለው። ሠራተኛው እኔን ያያል። ማርቆስም መላጣ የሆነውን የገጀራ እጀታ ያያል። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። «አዎ» ብል በቃ፣ ቤት ነው፣ ሥራ ነው፣ እናንተም ቅናት ይገድላችሁ ነበር። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ያላደረግኩትን አደረግኩ ብዬ ያላወራሁበት ቀን የለም።

«ማርቆስ ነው» አልኩ። «አያያዙንም ያሳየኝ እሱ ነው። እኔ መምታቱን ብቻ ነው የመታሁት።»

አቶ ግርማ ሁለታችንንም አየን። ከዚያ ማርቆስን «ሳሩንስ መጠበቅ ትችላለህ?» አለው። ማርቆስ ሳሩን አየ፣ «ያጨድኩት እኔ ነኝ» አለ። በቃ። እንደዚህ ነው ያለቀው። የማርቆስ ሥራ ቀን በቀን ነበር፣ ዝናብ ከዘነበ ምንም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ የታሰበው ቋሚ ሥራ ላቡን ላሸነፈው ለሱ ሆነ።

ለእኔ አቶ ግርማ «አንተ ሦስት ቀን ቆይተህ አመታቱን አሳየው» አለኝ። ቆየሁ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ በዚያ ሙቀት ማርቆስን አስተማርኩ፣ እኔን ያስተማረኝን ሰው። ረቡዕ ከሰዓት ወንዙን አሳለፈ። ጥላ ውስጥ ተቀምጠን ሙዝ ስንበላ ጠየቀኝ።

«ለምን ተናገርክ? ዝም ብትል ማን ይናገር ነበር?»

«አፌም እንደ እጄ ነው ጋሽ ማርቆስ፣ ያመልጠዋል» አልኩት። ሲስቅ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው።

ሐሙስ ተነሳሁ። እትዬ አስካለ ማርና ኮረሪማ ቋጠሩልኝ፣ እንዳይከፋኝ ብለው እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝ፣ ስለ ቅቤው አልነገርኳቸውም። ማርቆስ ሌሊት ወጥቶ ሌላ ቃጫ ፍቆ ነበር፣ ለሦስቱም ክለብ ጠምጥሞልኛል። የመመለሻው መንገድ ላይ የማወራው ነገር የለኝም። ሚዛን፣ ቦንጋ፣ ጅማ፣ ሁሉንም ጭንቅላቴ መስታወቱ ላይ እየተንኳኳ ተኝቼ አለፍኩ። ጅማ ሌላ ቤት አደርኩ፣ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ።

አሁን ቁጥር የለኝም። ቦርሳ የሚደርሰኝ ሁሉም ከሞላለት በኋላ ነው። እናንተም «እጁ አልቦት ተባረረ» ትላላችሁ። በሉ። ደክሞኛል፣ አልጣላችሁም። ግን አንድ ሰው ከዚህ ተነስቶ ሁለት ቀን ተኩል ይንገላታና ቴፒ ይውረድ። ማርቆስን አይጠይቅ፣ እሱ ለኔ ያዳላል። እትዬ አስካለንም አይጠይቅ፣ እሳቸው ልጄ ነው ይላሉ። ዋንዛው ሥር ሲስቁብኝ የነበሩትን ይጠይቅ። አቶ ግርማ «አንተ ነህ?» ሲለኝ ማን ብዬ እንደመለስኩ ይንገሩት። ሂዱ እስቲ፣ ጠይቁ!